የገዛኸውን ጌም ለመጫወት ኬላ አትክፈል!

ወገን፣ ዛሬ የማወራህ ስለ ጌም ነው። «እዚህ ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ጌም?» ብለህ እንዳታልፈው። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን የሚጫወተውን ወጣት እስኪ አስበው። ስንቱ ሥራ አለው? ስንቱ እናቱ በምትሰጠው ብር፣ ስንቱስ ዱባይ ያለች እህቱ በላከችው ገንዘብ ነው የሚጫወተው? ከእንዲህ ዓይነት ኪስ በየጊዜው ዶላር የሚመዝ ነገር ካለ ስለሱ መነጋገር ቁም ነገር ነው። እህቴ፣ አንቺም ስሚ፤ ጆይስቲክ የያዘን ሁሉ ይመለከታል።

ጥያቄው አጭር ነው። ፕሌይስቴሽን ፕላስ፣ የኤክስቦክስ ጌም ፓስ፣ ኔንቲዶ ስዊች ኦንላይን የሚባሉት ክፍያዎች ዋጋቸውን ያወጣሉ ወይ?

መልሴም አጭር ነው። ለአብዛኞቻችን አያወጡም። በተለይ ኦንላይን ለመጫወት ብቻ የሚጠየቀው ክፍያ አገልግሎት ሳይሆን ኬላ ነው። መንገዱን አልሠራልህም፣ መኪናውን አልሰጠህም፣ ነዳጁን አልሞላልህም። መሀል መንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ «ክፈልና እለፍ» ይልሃል።

በስሜት አይደለም የምናገረው። ዲግሪ ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ስለሆንኩ ሒሳብ ለመሥራት ጊዜ አለኝ። ና አብረን እንቁጠር።

አንድ ሰው ከጓደኛው ጋር በኢንተርኔት ኳስ ለመጫወት ምን ምን ይከፍላል? አንደኛ፣ ኮንሶሉን ይገዛል። ሁለተኛ፣ ጌሙን ይገዛል፤ አዲስ የወጣ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ የኢንተርኔቱን ይከፍላል፤ ዋይፋይም ይሁን የስልክ ዳታ፣ ነፃ የሚባል የለም። ሦስቱንም ከፍሎ ተቀመጠ። ጌሙ አለው፣ ማሽኑ አለው፣ መስመሩ አለው። አሁን አራተኛው ይመጣል፦ «ኦንላይን ለመግባት ደንበኝነት ግዛ»። ለምኑ?

«ለሰርቨሩ ነው» የሚልህ ይኖራል። እሺ፣ የማን ሰርቨር? የኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲን ሰርቨር የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ኢኤ ነው፤ ሶኒ አይደለም። ጌሙን ስትገዛ ለኢኤ ከፍለሃል። ሶኒም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም፤ በራሱ የኦንላይን መደብር ከሚሸጠው ጌም 30 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ድርሻቸውን ሁሉም አግኝተዋል። አንተ ብቻ ነህ ደግመህ የምትጠየቀው።

ይህ ኬላ ደግሞ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ ነገር አይደለም። ታሪኩን ልብ በል።

ገመዱን መጀመሪያ የወጠረው ማይክሮሶፍት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ኤክስቦክስ ላይቭን በዓመት 50 ዶላር ጀመረ። ሶኒ ግን በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ኦንላይን መጫወት ነፃ ነበር። በዚያ ዘመን የፕሌይስቴሽን ደጋፊ በኤክስቦክስ ደጋፊ ላይ ሙድ ይይዝ የነበረው በዚሁ ነው፦ «እኛ እኮ አንከፍልም!» በ2010 ፕሌይስቴሽን ፕላስ ሲመጣም በፈቃድ ነበር፤ የፈለገ ከፍሎ ጌምና ቅናሽ ያገኛል፣ ያልፈለገ እንደ ድሮው ኦንላይን ይጫወታል። በኅዳር 2013 ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ያ በር ተዘጋ። ትናንት በነፃ ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ የሚከፈልበት ሆነ። ጎረቤቱ ከኬላ ሲያተርፍ ያየ የራሱን ኬላ ዘረጋ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ኔንቲዶም ተከተለ። ስዊች በመጋቢት 2017 ገበያ ሲወጣ ኦንላይኑ ነፃ ነበር። ሰዉን ዓመት ከመንፈቅ ካስለመደ በኋላ በመስከረም 2018 ክፍያ ጀመረ። የሱ ዋጋ ከሁሉም ይረክሳል፤ በዓመት 20 ዶላር፣ ለስምንት ሰው የሚሆነው የቤተሰቡ ደግሞ 35። ረከሰ ማለት ግን ኬላ አይደለም ማለት አይደለም።

ዋጋው ባለበት ቆመ ወይ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ዓመታዊው ፕሌይስቴሽን ፕላስ 49.99 ዶላር ነበር። በ2016 ወደ 59.99 ወጣ። በመስከረም 2023 ወደ 79.99 ዘለለ። ይህ እንግዲህ ኢሴንሻል የሚባለው ዝቅተኛው እርከን ነው። ኤክስትራ የሚሉት 134.99፣ ፕሪሚየም የሚሉት 159.99 ገባ። ጌም ፓስ በ2017 በወር 9.99 ብሎ ነበር የጀመረው። ከፍተኛው እርከን፣ አልቲሜት የሚባለው፣ በ2019 14.99 ነበር፤ በጥቅምት 2025 29.99 ሆነ። በስድስት ዓመት እጥፍ!

አንድ ሒሳብ ልጨምርልህ። 79.99 ዶላር በአምስት ዓመት 399.95 ይሆናል። ሲዲ የማይቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ስንት ነበር የሚሸጠው? 399.99። ልዩነቱ አራት ሳንቲም ነው! አምስት ዓመት ኬላ ስትከፍል ሌላ ኮንሶል ገዝተህ ለሶኒ መልሰህ ሰጠኸው ማለት ነው። ያውም በዝቅተኛው እርከን።

አሁን ደግሞ ክፍያው የግድ እንዳልሆነ ማስረጃውን እነሆ።

ያንኑ ኤፍሲ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ሰው ለኦንላይኑ የተለየ ክፍያ አይከፍልም። ጌሙን ገዛ፣ ገባ፣ ተጫወተ። ማይክሮሶፍት ይህን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር፤ በ2007 በኮምፒውተር ተጫዋቾች ላይም ተመሳሳይ ክፍያ ይዞ መጣ። የኮምፒውተሩ ሰው ፊቱን አዞረበት። በሐምሌ 2008 ክፍያውን አነሳው። እዚያ ኬላው የፈረሰው ማንም የሚከፍል ስለጠፋ ነው። እኛ ጋ የቆመው ስለምንከፍል ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ በራስህ ፕሌይስቴሽን ላይ አለ። ፎርትናይት፣ ሮኬት ሊግ፣ ኤፔክስ፣ ዋርዞን፣ ኢፉትቦል፦ እነዚህ በነፃ የሚወርዱ ጌሞች ያለ ፕሌይስቴሽን ፕላስ ኦንላይን ይሠራሉ። ያው ማሽን፣ ያው መስመር፣ ያው አካውንት። በነፃ ያወረድከውን ጌም ያለ ኬላ ያሳልፉሃል፤ 70 ዶላር አውጥተህ የገዛኸውን ግን ክፈል ይሉሃል። የከፈለ ይቀጣል፣ ያልከፈለ ያልፋል። ይህን ምን ትለዋለህ?

«ጥራቱስ?» ትለኝ ይሆናል። በታኅሣሥ 2014 ለገና ሰሞን ሁለቱም ኔትወርኮች በጥቃት ወደቁ፤ ልጆች ስጦታቸውን ከፍተው ኦንላይን መግባት አቃታቸው። በየካቲት 2025 የሶኒ ኔትወርክ ለአንድ ቀን ያህል ዓለም ላይ ጠፋ። ካሳው ምን ነበር? በደንበኝነቱ ላይ አምስት ቀን ጭማሪ። መውደቅ በማንም ይደርሳል፣ አልፈርድም። ግን ክፍያው ከመውደቅ ካላዳነ «ለጥራት ነው የምትከፍለው» አትበሉን።

እሺ፣ ጠንካራውን ክርክራቸውን ደግሞ እናንሳ፦ «በየወሩ ነፃ ጌም ይሰጣል፤ ኤክስትራ ብትገባ በመቶ የሚቆጠር ጌም አለልህ»።

ይህ ለአንዳንድ ሰው እውነት ነው፤ አልክድም። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ቤቱ ያልተገደበ ፈጣን ዋይፋይ ያለው፣ በዓመት አምስት ስድስት ትልልቅ ጌም ጀምሮ የሚጨርስ ሰው፣ ኤክስትራ ያዋጣዋል። ዓመታዊው 135 ዶላር ነው፤ ሁለት አዲስ ጌም ብቻ ቢገዛ 140 ያወጣ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆንክ ይህን ጽሑፍ ዝለለው፤ ግዛ፣ ተጫወት፣ ይመችህ።

አንተ ግን ባለፈው ዓመት ስንት ጌም ጨረስክ? እውነቱን እንነጋገር። አብዛኞቻችን ዓመት እስከ ዓመት አንድ ጌም ነው፦ ኳሱ። እሱ ደግሞ እዚያ «ነፃ» ዝርዝር ውስጥ ሲገባ አርጅቶ ነው። ኤፍሲ 24 በመስከረም 2023 ወጣ፤ ለፕሌይስቴሽን ፕላስ ደንበኞች የተሰጠው በግንቦት 2024 ነው፤ የአውሮፓ ሊጎች ሊያልቁ ሲሉ፣ ኤፍሲ 25 ሊመጣ ወራት ሲቀሩት።

ደግሞም «ነፃ» የሚለውን ቃል አትመነው። ያወረድከው ጌም ያንተ አይደለም፤ ኪራይ ነው። ክፍያው ያለቀ ዕለት ይቆለፋል። ሦስት ዓመት ከፍለህ አርባ ሃምሳ ጌም ብትሰበስብ፣ ባቆምክ ማግሥት አንዱንም አትከፍተውም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ላለኸው ደግሞ ይብሳል፤ ሶኒ ከጥር 2026 ጀምሮ የወርሃዊ ጌሞቹ ትኩረት ፕሌይስቴሽን 5 እንደሚሆን፣ የ4 ጌሞች ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚገኙ ቀድሞ አስታውቋል። የኛ ሰፈር ግን ገና በብዛት 4 ላይ ነው። ዋጋው ሳይቀንስ ድርሻህ ቀነሰ።

ማውረዱንም አስብ። ትልልቆቹ ጌሞች ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ናቸው። በዳታ ጥቅል የምትኖር ሰው ያንን «ነፃ» ጌም ለማውረድ ስንት ብር ታወጣለህ? መብራት መሀል ላይ ሲሄድስ?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው።

የሶኒ ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አካውንት ስትከፍት አገርህን ፈልገህ ታጣታለህ። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? አሜሪካዊ እንሆናለን፣ እንግሊዛዊ እንሆናለን፣ የኤምሬትስ ነዋሪ እንሆናለን። ኖረንበት የማናውቀውን ከተማ አድራሻ ሞልተን እንገባለን። ከዚያ ካርድ ፍለጋ ቴሌግራም እንወርዳለን፤ የአሜሪካ አካውንት የአሜሪካ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሻጩ ባወጣው ምንዛሬ፣ ሻጩ በጨመረው ትርፍ እንገዛለን። ወይ አሜሪካ ያለውን የአክስታችንን ልጅ እንለምናለን፤ እሱ ደግሞ ሌሊት ሠርቶ ያገኘውን ነው የሚልከው።

አስበው እስኪ። በስማችን አያውቁንም፣ በገንዘባችን ያውቁናል። አካውንትህ አንድ ቀን ቢታገድ ምን ብለህ ትከራከራለህ? ትክክለኛ መረጃ ስጥ የሚለውን ውል ከመጀመሪያው ጥሰህ ነው የገባኸው፤ በሩን ደግሞ እነሱ ናቸው የዘጉት። መብት የሌለህ ቦታ ግብር መክፈል ማለት ይህ ነው።

የብሩን ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ ዓመታዊው ኢሴንሻል 4,560 ብር አካባቢ ይመጣል። ዛሬ በ150 ብር ብናሰላው 12,000 ብር ነው፤ የቴሌግራሙ ነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት። ሶኒ ከመስከረም 2023 ወዲህ በዚያ ላይ አንድ ዶላር ባይጨምር እንኳን ላንተ ዋጋው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኗል። 12,000 ብር ለአንድ ጀማሪ ተቀጣሪ የወር ደመወዝ የሚጠጋ ነው። ሥራ ለሌለው ደግሞ ምን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ።

ለዚያ ገንዘብ ምን ታገኛለህ? መረጃህ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል። አንተ ኳሷን ስትመታ ተጋጣሚህ አግብቶ ጨፍሯል። መስመሩ ሲቆራረጥ እንደ ተሸናፊ ይቆጠርብሃል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ደንበኝነቱ አይቆምም፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ለሳምንታት ሲዘጋ ዓመታዊ የገዛ ሰው ቀኑ ዝም ብሎ ነው የተቆጠረበት። ካሊፎርኒያ ባለ ኔትወርክ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው እኛ ላይ የተንጠለጠለው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? «ጌም ተው» የሚል ስብከት ከኔ አትጠብቅ። ቀኑ ሲረዝም፣ ሲቪ ያስገባህበት ሁሉ ዝም ሲል፣ አንድ ሰዓት ኳስ ተጫውቶ መሳቅ ምን ያህል እንደሚያቀል አውቃለሁ። ተጫወት። ግን እንዳትሸወድ።

አንደኛ፣ የምትጫወተው ጌም ክፍያውን በእርግጥ ይፈልግ እንደሆነ እይ። ኢፉትቦልና ፎርትናይት ብቻ እየተጫወተ ፕላስ የሚገዛ ልጅ አለ። «ሁሉም ገዝቷል» ብሎ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!

ሁለተኛ፣ ለብቻህ የምትጫወተው የታሪክ ጌምና ከካፒታሉ ኮምፒውተር ጋር የምትገጥመው ኳስ ደንበኝነት አይጠይቅም። ከወንድምህ ጋር ሶፋ ላይ በሁለት ጆይስቲክ የምትገጥመውም አይጠይቅም። ዓመታዊውን ብር ለሁለተኛ ጆይስቲክ ብታውለው ገንዘብ ይተርፍሃል፤ ጆይስቲኩ ደግሞ በየዓመቱ አይታደስም።

ሦስተኛ፣ የሰፈርህን ፕሌይስቴሽን ቤት አትናቅ። እዚያ የምትከፍለው ብር ለሰፈርህ ልጅ ነው። ቤት ኪራይ ይከፍልበታል፣ መብራት ይከፍልበታል፣ ቴሌቪዥኑን ያሠራበታል። ውድድር አዘጋጁ፣ ዋንጫ ግዙ። ተጋጣሚህ ፊት ለፊትህ ነው፤ መስመር ተቆረጠ ብሎ አያመልጥህም።

አራተኛ፣ ሲዲ የሚቀበል ኮንሶል ካለህ ሲዲ ግዛ። ሲዲ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለጓደኛ ይዋሳል። የደንበኝነት ጌም ከነዚህ አንዱንም አይሆንም።

አምስተኛ፣ የግድ መክፈል ካለብህ፣ ጓደኞችህ ሁሉ የሚገቡበትን ወር መርጠህ የወር ብቻ ግዛ፤ 10 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ወር ብትገዛ 20 ገደማ ነው፤ የ80ውን ሩብ ያህል። ወዲያው በራሱ የሚታደሰውን አጥፋው። እነሱ የሚያተርፉት ከተጫወትክበት ወር ሳይሆን ከረሳኸው ወር ነው። በርካሽ የሚሸጥ የጋራ አካውንት ደግሞ አትግዛ፤ የይለፍ ቃሉ ሻጩ እጅ ነው፣ በፈለገ ቀን ይነጥቅሃል፤ ለማን አቤት ትላለህ?

«እኛ ብንከፍል ባንከፍል ምን ይለወጣል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ላሳይህ።

በጥር 2021 ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ላይቭ ጎልድን ዋጋ ሊጨምር ተነሳ፤ ለስድስት ወር 60 ዶላር፣ ማለትም በዓመት 120። ተጫዋቹ ጮኸ። በዚያው ቀን፣ ልብ በል፣ በዚያው ቀን ሐሳቡን ሰረዘ። ጭራሽ በነፃ የሚወርዱ ጌሞች ከእንግዲህ ጎልድ አይጠይቁም ብሎ ቃል ገባ፤ በሚያዝያም ፈጸመው።

በግንቦት 2024 ደግሞ ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለውን ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱ ሰዎች የግድ የሶኒ አካውንት ያገናኙ አለ። የሶኒ ኔትወርክ በይፋ የማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። እንደኛ ዓይነቱ፣ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ሕዝብ መሆኑ ነው። ተጫዋቾች ስቲም ላይ ከመቶ ሺህ በላይ አሉታዊ አስተያየት ደረደሩ። ያልተነካባቸው አገሮች ልጆች ጭምር ላልታወቁት ወገን ቆሙ። በሦስት ቀን ውስጥ ሶኒ ግዴታውን አነሳ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ግዙፍ ኩባንያ ለልመና አይመለስም፤ ለሒሳብ ግን ይመለሳል። ሒሳቡ ደግሞ ያንተ ኪስ ነው።

ጥያቄያችንም ምጽዋት አይደለም። የገዛነውን ጌም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ኦንላይን እንጫወት። ገንዘባችንን የሚቀበል አገራችንንም በዝርዝሩ ያስገባ። ዋጋውም እዚህ የሚኖር ሰው ሊከፍለው የሚችል ይሁን። እነዚህ እስኪሆኑ ድረስ ዓመታዊ ክፍያ የለም!

አሁን ስልክህን አስቀምጥ፣ ኮንሶልህን ክፈት፣ ሴቲንግ ግባ፣ በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ አጥፋው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጨርሰህ ስትመለስ ኮሜንት ላይ «ኬላው ተነሳ» በልና ጻፍ፤ ስንት እንደሆንን እንቁጠር። የማትስማማም ካለህ ና ተከራከረኝ፤ ግን ሒሳብህን ይዘህ ና።